ቀይ መስመር የሌለው ብሎን

«ቀስ… ቀስ በዪ… አሁን ልቀቂው» አለች እናቷ።

ሚሊ የክሪኩን መልቀቂያ በትንሹ አዞረችው። የመኪናው አፍንጫ ትንፋሹን እየለቀቀ ወረደ። የፊት ጎማዎቹ መሬት ነኩ፤ ትንሽ ወደ ጎን ተንሸራተው ረጉ። እናትና ልጅ እኩል ወደ ኋላ ተራመዱና ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዩ። ከዚያ ቀና አድርገው አዩ። ለውጥ የለም። መኪናው የግራ ትከሻውን ሰብቆ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ» እንደሚል ሰው ቆሟል።

«አሁንም ግራው ነው» አለች ሚሊ።

«ዓይን አለኝ» አለች እናቷ።

ሚሊ ግን ዓይን ብቻውን አይበቃትም። ሜትሯን ከኪሷ አውጥታ ተንበረከከች። ከመሬቱ እስከ ሻንሲው የታች ጠርዝ በቀኝ ለካች፣ በግራ ለካች፣ ተመልሳ በቀኝ ለካች። ግራው ከቀኙ ሁለት ጣት ያህል ይበልጣል። ቅድምም ይህንኑ ያህል ነበር የሚበልጠው።

«ሚሊ» ስትወለድ የወጣላት ስም አይደለም። ሕፃን ሳለች ዳቦ በተቆረሰ ቁጥር የእሷን ቁራሽ ከእናቷ ቁራሽ ጎን አድርጋ ካላስተያየች አትበላም ነበር። እናቷ «ሚሊሜትር» አለቻት፤ ውሎ አድሮ ስሙ አጠረና ሚሊ ሆኖ ቀረ።

መኪናውም ገና መኪና ሊባል የሚችል አልነበረም። እናቷ በያጅ ናት፤ በርና መስኮት ትሠራለች። የሠራችውን በር ለማድረስ የሰው መኪና ስትለምን መኖር ስለሰለቻት፣ አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና እዚሁ ግቢያቸው ውስጥ ልትሠራ ተነሣች። ሻንሲውን፣ የመኪናውን የብረት አጽም፣ በገዛ እጇ በየደችው። የፊት እግሮቹን፣ ማለትም ጎማዎቹን የሚይዙትን ክንዶችና በክንዶቹ ላይ የሚቆሙትን ሁለት ጠምዛዛ ሞላዎች፣ ከአንድ ከተጣለ አሮጌ ታክሲ ፈታ አመጣች። ሞተሩ ገና ሸራ ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። በእሱ ቦታ አሸዋ የተሞሉ ጆንያዎች ተጭነዋል፤ ሞላዎቹ ሸክሙን ከወዲሁ እንዲለምዱት።

«ሞላዎቹን አቀያይረናል» አለች ሚሊ ከራሷ ጋር እንደምታወራ። «የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ። አንደኛው ረዘም ያለ ቢሆን ኖሮ ከፍታው አብሮት ይሄድ ነበር። አልሄደም።»

«አልሄደም።»

«መሬቱስ?»

«በውሃ ልክ አይተነዋል።»

«ጎማውስ?»

«አንድ ዓይነት ነው። ራስሽ ነሽ የለካሽው።»

«ሻንሲውስ?» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ትናንት እናቷ ሻንሲውን ከጥግ እስከ ጥግ ገመድ ወጥራ ስትለካው ፊቷ እንዴት እንደጠቆረ አይታለች። የራሷ ብየዳ ነው። ቀጥ ያለ ሆኖ ሲገኝ ደስ ሊላት ሲገባ የባሰውን ተምታታባት፤ ጠማማ ቢሆን ቢያንስ ምክንያቱ ይታወቅ ነበር።

«ግራ ያጋባችሁ ግራው ነዋ» አለ ከአጥሩ ላይ አንድ ድምፅ።

የጎረቤት ልጅ ነው፤ ከሚሊ ጋር አንድ ክፍል ይማራል። በስሙ የሚጠሩት አስተማሪዎች ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ «ሬድዮ» ይለዋል፣ ስለማይዘጋ።

«ሬድዮ፣ ድምፅህን ቀንስ» አለች እናቷ ዞር ሳትል።

«እሺ እትዬ። እኔ ብሆን ግን በግራ በኩል ወፍራም ሾፌር አስቀምጬ እገላገል ነበር።»

ከግራው ጎማ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ የግቢው ቧንቧ አጠገብ፣ አያቷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። እንደ ሁልጊዜው ያንን ኪሰ ሰፊ ኮታቸውን ለብሰዋል። በሬድዮ ቀልድ ይሳቁ ወይም በሌላ ነገር፣ ጢማቸው ትንሽ ተነቃነቀ።

እናቷ ሻይ ላፍላ ብላ ገባች፤ ወዲያው የስኳር ጠርሙስ ይዛ ወጣች። ክዳኑን በጨርቅ ይዛ ትታገለዋለች።

«አባዬ፣ ይሄን አንተ ነህ የከደንከው?»

«የላላ ነገር ያፈሳል» አሉ አያቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ስኳር አያፈስም፣ አባዬ።»

«ጉንዳን ግን ይገባል።»

ሬድዮ ከአጥሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። እናቷም ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

አያቷ ዕድሜ ልካቸውን የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። አሁን ማስታወሳቸው እየከዳቸው ነው፤ ቁርሳቸውን በልተው ሳይነሡ «ዛሬ ቁርስ የለም እንዴ?» ይላሉ። እጃቸው ግን ምንም አልረሳም። በዚያ ቤት ውስጥ የሚዞር ነገር ሁሉ ጠብቋል፤ የጠርሙሱ ክዳን፣ የፔርሙሱ አፍ፣ የአምፖሉ አንገት። ሬድዮ አንድ ቀን ውሃ ሊጠጣ ቧንቧውን መክፈት አቅቶት እንደተጠማ ወደ ቤቱ ተመልሷል።

የሚያስቀው ይህ ነው። የማያስቀው ባለፈው ወር የሆነው ነው። የግቢውን ዋና የውሃ መዝጊያ አጥብቀው፣ ደግመው አጥብቀው፣ አንገቱን ሰበሩት። ግቢው ኩሬ ሆነ። እናቷ የብየዳ ማሽኗን ከነገመዱ ከውሃው ውስጥ ጎትታ አወጣችው። የዚያን ዕለት ለወንድሟ ስትደውል ሚሊ ከበሩ ጀርባ ሰምታለች። «አባዬ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ዕቃ ቢነካ መጥተህ ትወስደዋለህ። እሳትና ኤሌክትሪክ ያለበት ግቢ ነው። እየሠራሁ ዓይኔን እሱ ላይ መትከል አልችልም።»

አጎቷ የሚኖረው ሌላ ከተማ፣ ፎቅ ላይ ነው። ሚሊ ሄዳ አይታዋለች። ንጹሕ ቤት ነው፤ ጸጥ ያለ። የውሃ ቧንቧው እንኳ አይዞርም፣ በአንድ ጣት ነው የሚነሣው። አያቷ እዚያ ቤት ውስጥ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፉት ልታስብ ሞክራ አልሆነላትም።

ሻዩ ተጠጣ። እናቷ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ጓንቷን አነሣች።

«ወሰንኩ። ከግራው ሞላ ግማሽ ዙር እቆርጣለሁ።»

«ምክንያቱን ሳናውቅ?»

«ምክንያቱን ስንፈልግ ወገቤ ተቆረጠ። ሁልጊዜ የምንጠይቀው መካኒክም በስልክ ያለኝ ይሄንኑ ነው። ሌላው ሁሉ ልክ ከሆነ አሳጥሪው አለኝ።»

«ከተቆረጠ እኮ አይቀጠልም።»

«ሞላ እንደማይበየድ ለበያጅ ልትነግሪያት ነው?» አለች እናቷ። ከዚያ ድምፅዋን አለሰለሰች። «አውቃለሁ፣ ሚሊዬ። ሌላ ጥንድ እንደማናገኝም አውቃለሁ። ግን እንዲህ ባጋደለ ነገር ሰው አላሳፍርም።» የብረት መቁረጫውን አነሣችና ዲስኩን አየችው፤ አልቋል። «ዲስክ ገዝቼ መጣሁ። እኔ ሳልኖር መኪናውን እንዳታነሺው። ሞላው አጠገብ ማንም አይደርስም።»

ስለ ሞላው ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ገና መጀመሪያ በመጭመቂያ ጨምቃ ቦታው ስታስገባው ሚሊን ፊት ለፊቱ እንዳትቆም አድርጋታለች። «ይሄ ነገር ተኝቷል እንጂ አልሞተም» ነበር ያለቻት።

የግቢው በር ተዘጋ።

ሚሊ ሞላውን አልነካችም። ጎማዎቹ ፊትና ኋላ በድንጋይ መደገፋቸውን አየችና በጀርባዋ ተንሸራታ ከመኪናው አፍንጫ ሥር ገባች። መኪናው በራሱ እግር ስለቆመ እዚያ መተኛት አያስፈራም። ምን እንደምትፈልግ አታውቅም። ማየት ብቻ ነው የፈለገችው፤ አንድ ነገር ግራና ቀኙን እኩል አላደረገውም፣ ያ ነገር ደግሞ እዚህ ከዓይኗ በላይ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አለ።

እናቷ የራሷ የሆነ የሥራ ልማድ አላት። አንድን ብሎን ለመጨረሻ ጊዜ አጥብቃ ስትጨርስ፣ ጣቷ ላይ ቀብታው የማታውቀውን ቀይ የጥፍር ቀለም አውጥታ ብሎኑን ከሚያስረው ዳዶ እስከ ብረቱ አንዲት ቀጭን መስመር ታሰምርበታለች። መስመር ያለው ብሎን አልቋል። መስመር የሌለው በጣት ብቻ ተይዟል። እናትና ልጅ ይህን እንደ ፊደል ያነቡታል፤ መስመሩን ካዩ ዳግመኛ አይነኩትም፣ ከሌለ ደግሞ ልል መሆኑን ለማረጋገጥ አይለፉም።

የታችኛዎቹ ክንዶች ከሻንሲው ጋር የሚታሰሩባቸው ብሎኖች መስመር የላቸውም። አውቀው ነው የተዉአቸው። ክንዱ ውስጥ ብሎኑን የሚያቅፍ የላስቲክ ቡሽ አለ፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ላስቲኩ ባለበት አኳኋን ይያዛል። መኪናው ተነሥቶ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ ላስቲኩ ያንን የተንጠለጠለ ቦታ ቤቴ ይላል። መኪናው ሲወርድ እንደ ተጠመዘዘ እርጥብ ጨርቅ ወደዚያው ሊመለስ ይታገላል። ስለዚህ መካኒኩ አደራ ብሏቸዋል፤ እነዚህ ብሎኖች የሚጠብቁት መኪናው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው፣ ከዚያ በፊት አይነኩ።

እንደ ተጠመዘዘ እርጥብ ጨርቅ።

ሚሊ እዚህ ሐሳብ ላይ ደርሳ ቆመች። መኪናን ከፍ አድርጎ ሊይዝ የሚችለው ሞላ ብቻ አይደለማ፤ እግሩን ወደ ታች የሚገፋ ላስቲክም ይችላል። እጇን ወደ ቀኙ ክንድ ዘርግታ ዳዶውን በጣቷ ሞከረችው። ዞረ። ወደ ግራው ተጎተተችና ሞከረችው። አልዞረም። በሁለት እጇ ያዘችው። የተበየደ ይመስል ድርቅ አለባት።

ትናንት ሞላዎቹን ሲያቀያይሩ የፈቱት የክንዶቹን የውጭ ጫፍ ብቻ ነበር። የቀኙ ክንድ በቀላሉ ወረደ። የግራው ግን ግግም ብሎ አስቸገራቸው። እናቷ «ዝገት ነው» አለች፤ ሚሊም አመነች። ለምን አያምኑ? መስመር የለውም፣ ስለዚህ ልል ነው።

መጀመሪያ ደስ አላት። ከዚያ ደስታው ሳይዋሃዳት ሌላ ጥያቄ መጣ። ማን አጠበቀው?

ከሥሩ ወጥታ አቧራዋን ሳታራግፍ ወደ አጥሩ አየች።

«ሬድዮ፣ እስቲ ውረድ።»

ወረደ።

«የክንዱን ብሎን ነክተሃል?»

«የምኑን?»

«አታድርቀኝ። ያኔ ክንዶቹን የገጠምን ዕለት፣ መኪናው ተነሥቶ ሳለ እኛ ብረት ልናመጣ ሄድን። አንተ እዚህ ነበርክ።»

«ነበርኩ። ታዲያስ?»

«ብቻህን ነበርክ።»

«ብቻዬን አልነበርኩም። ከአባባ ጋር ስናወራ ነበር። ማለቴ እኔ ሳወራ ነበር።» ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊቱ ጠፋ። «ሚሊ፣ እኔ መፍቻ በየት በኩል እንደሚያዝ አላውቅም። ወሬ አበዛለሁ እንጂ የሰው ዕቃ አልነካም። ይሄን ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ያሳፈራትም ይሄው ነው። ይቅርታ ልትለው ፈለገች፤ ግን «ከአባባ ጋር» ያለው ቃል ጆሮዋ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የስልኳን መብራት አብርታ እንደገና ከመኪናው ሥር ገባች። አሁን ምን እንደምትፈልግ ታውቃለች፤ ባታገኘው ግን በወደደች።

አገኘችው። የእናቷ መፍቻዎች ዳዶን ጥግ ለጥግ አቅፈው ነው የሚያዞሩት፣ ጭረት አይተዉም። የዚህ ዳዶ ጠርዞች ግን ተነክሰዋል። በተርታ የተሰለፉ ቀጫጭን የጥርስ ምልክቶች፣ የሆነ ትንሽ እንስሳ እንደጋጠው አጥንት።

ወጥታ ወደ ቧንቧው ሄደች። ከአያቷ ትከሻ አጠገብ ጎንበስ ብላ የቧንቧውን አንገት አየች። ያው የጥርስ ተርታ።

«አባባ» አለች ቁጢጥ ብላ። «ኪስዎ ውስጥ ያለውን ያሳዩኝ?»

አያቷ ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ወደዚያ ሰፊ ኪስ ሰደዱና የቧንቧ መፍቻቸውን አወጡ። አሮጌ ነው፤ እጀታው ከመያዝ ብዛት ለስልሷል፣ ጥርሶቹ ግን አሁንም ስለታም ናቸው። እናቷ ከወር በፊት የሥራ ዕቃውን በሙሉ ሳጥን ውስጥ ቆልፋለች። ይህ ግን ዕቃ አይደለም፤ እንደ መነጽራቸው ነው። ማንም ኪሳቸውን መፈተሽ አልታየውም።

«መኪናው ላይ ያለውን ብሎን እርስዎ ነዎት ያጠበቁት?»

«ልል ነበር» አሉ አያቷ።

«አዎ፣ ልል ነበር። ግን—»

«እናትሽ አንዳንዱን ልል አድርጋ ትተውልኛለች።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሬድዮ እንዳይሰማ ይመስላል። «ሥራ እንዳልፈታ ብላ ነው። አትናገርም፣ ኩሩ ናት። ግን ታስብልኛለች። ጠዋት ስወጣ አንዱ ጋ ልል አገኛለሁ፣ አጠብቀዋለሁ። እሷም ምንም አትለኝ፣ እኔም ምንም አልላት።»

ይህን ያለ ሰው ላይ መቆጣት እንዴት ይጀመራል?

«ሌላስ ምን አጠበቁ?» አለች ሚሊ።

«ልል የነበረውን ሁሉ ነዋ።» አያቷ ወደ መኪናው አዩ፤ ቅንድባቸው ተሰበሰበ። መፍቻውን አዩ፣ መልሰው መኪናውን አዩ። «የትኛው የትኛው እንደነበረ ግን…» መፍቻውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። «ይሄ መኪና የማን ነው፣ ልጄ?»

«የእኛ ነው፣ አባባ።»

«ጎሽ» አሉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሚሊ የመኪናውን ግራ ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመብራት ፈተሸችው። ቀኙ ከግድግዳ ጋር ስለተጠጋ አያቷ ሊገቡበት አይችሉም። በግራው ግን የመሪው ዘንግ ዳዶ ተነክሷል። የፍሬን ዘይት የሚሄድበት ቀጭን ቱቦ መጋጠሚያም ተነክሷል። እሱ ለስላሳ ብረት ነው፤ ጠርዞቹ ተልጠው ክብ ሆነዋል፣ በአንደኛው በኩል ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ታያት፣ ወይም የታያት መሰላት። በጥፍሯ ጫረችው። ስንጥቅ ነው።

ሬድዮ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ያያል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ።

«መኪናው አሁን በእግሩ ነው የቆመው፣ አይደል? ብሎኑን ብታላይው ይወርዳል። ከዚያ መልሰሽ አጥብቂው፣ ቀዩን ቀቢው። እትዬ ስትመጣ፣ ‹አንድ ነገር ቋ አለና ራሱ ተስተካከለ› በያት። ሞላውም ተረፈ፣ አባባም ተረፉ።»

«የፍሬኑስ?»

«እሱን… እሱን ሌላ ቀን።»

«ሌላ ቀን ማን ያየዋል? መስመር ከሌለው ልል ነው ብላ ነው የምታልፈው። ዞሮ ዞሮ መስመር ታሰምርበታለች፣ ከነስንጥቁ።»

«እንግዲያው ንገሪያት።»

«ከነገርኳት አጎቴ ይመጣል።»

«እንግዲያው አትንገሪያት።»

«ሬድዮ።»

«እሺ፣ ዘጋሁ።»

ትክክለኛውን መፍቻ አወጣችና ዳዶው ላይ ሰካችው። እጀታው አጭር ስለሆነ እናቷ ለእንዲህ ያለው ጊዜ የምትጠቀምበትን ረጅም የብረት ቱቦ አጠለቀችበት፤ ጫፉ ከመኪናው አፍንጫ ሥር ወጥቶ ታየ። ሁለት እጇን አሳረፈችበት። አንድ ግፊት ብቻ ነው። የተጠመዘዘው ይፈታል፣ መኪናው ይወርዳል፣ ሁሉም ነገር እኩል ይሆናል።

አልገፋችም። ትለካው ዘንድ የምትችለው ነገር ሲሆን መቼም ተምታቶባት አያውቅም፤ ሜትሯን ታወጣለች፣ ይለያል። ይሄ ግን በየት በኩል ይለካል? አያቷን ብታስብ እጇ ወደ ቱቦው ይሄዳል። እናቷ መሪውን ይዛ ቁልቁለት ስትወርድ፣ እግሯ ፍሬኑን ሲረግጥ ብታስብ እጇ ይመለሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱ ውሸት ቢሆን እንዴት በቀለላት።

የግቢው በር ተንቋቋ።

ሚሊ እጆቿን ከቱቦው ላይ አነሣች። መፍቻውን ግን ከዳዶው ላይ አላወጣችውም።

እናቷ አዲሱን ዲስክ ከካርቶኑ እያወጣች ገባች፤ የመቁረጫውን ገመድ በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ ሶኬቱ አቀናች።

«እማዬ፣ ዲስኩን አታስገቢው።»

«ምን ሆንሽ?»

«ተኝተሽ እዪ። የግራውን ክንድ ብሎን፣ ከዚያ የፍሬኑን መጋጠሚያ። ከዚያ እነግርሻለሁ።»

እናቷ ፊቷን አየቻት፤ ከዚያ ሌላ ሳትጠይቅ በጀርባዋ ገባች። የሚታየው ጫማዋ ብቻ ሆነ።

«መስመር የለውም» አለ ድምፅዋ ከሥር።

«የለውም። ግን ንኪው።»

ጫማዎቹ ተንቀሳቀሱ። ጸጥ አሉ። ትንሽ ወደ ግራ ሄዱ፤ እንደገና ጸጥ አሉ፣ ለረጅም ጊዜ። ስትወጣ ፊቷ ሻንሲውን የለካች ዕለት የነበረው ፊት ነው። ቀጥ ብላ ወደ ባልዲው አየች። የቧንቧ መፍቻው አያቷ ጭን ላይ ተጋድሟል፤ እሳቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

አልጮኸችም። ጓንቷን አውልቃ ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

«ከመደወልሽ በፊት አንድ ነገር» አለች ሚሊ። «አባባ አንቺ አውቀሽ ልል እያደረግሽ የምትተዪላቸው ነው የሚመስላቸው። ሥራ እንዳይፈቱ ብለሽ። ‹አትናገርም እንጂ ታስብልኛለች› ነው ያሉኝ።»

እናቷ ስልኩን እንደያዘች ቆመች። በእጇ ጀርባ ግንባሯን ጠረገች፤ ጥቁር መስመር ተወችበት። ከዚያ ስልኩን ኪሷ ከተተችና ጎንበስ አለች።

«ቱቦውን ያዢልኝ።»

አብረው ገፉት። ዳዶው ቋ ብሎ ለቀቀ። መኪናው ከውስጡ አንድ ረጅም ሲጥጥታ አሰማና የሰበቀውን ትከሻ አወረደ። እናቷ አፍንጫውን በሁለት እጇ ወደ ታች ገፋ ገፋ አድርጋ ለቀቀችው፤ ሞላዎቹ ተነፈሱ፣ ረጉ። ሚሊ ለካች። ቀኝ። ግራ። እንደገና ቀኝ።

«እኩል ነው።»

ማንም አልጨፈረም።

«ሞላውን ማን ነው ይቅርታ የሚጠይቀው?» አለ ሬድዮ በቀስታ።

«እኔ አንተን ልጠይቅህ መጀመሪያ» አለች ሚሊ። ሬድዮ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ።

እናቷ ቱቦውን ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ አዙራ ሰካችው።

«እሱን ለአባባ ስጪያቸው» አለች ሚሊ።

«ሚሊ፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም።»

«አውቃለሁ። አሁን መኪናው መሬት ላይ ነው። አሁን ደግሞ መጥበቅ አለበት። አንቺ አጠገባቸው ነሽ፣ በቃ ስትያቸው ይቆማሉ።»

እናቷ ቱቦውን እንደያዘች ወደ አባቷ አየች። «ለአጎትሽ ያልኩት ቀረ ማለት አይደለም» አለች። «ፍሬን ነው የነካው። እንነጋገራለን።»

«እንነጋገራለን።»

«አንቺም ትኖሪያለሽ ስንነጋገር።»

«እኖራለሁ።»

እናቷ ወደ ባልዲው ሄዳ የአባቷን ክንድ ነካች። «አባዬ፣ ተነሥ። አንድ ልል ነገር አለ።»

አያቷ ባልዲያቸውን እየጎተቱ መጡና ከመኪናው ፊት ተቀመጡ። ከሥር የወጣውን የብረት ቱቦ አይተው በጣታቸው ዳሰሱት፤ «ይሄ የውሃ ቱቦ ነው» አሉ፣ በሰው ከተማ የአገሩን ሰው እንዳገኘ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቡት፤ ቀስ ብለው፣ ሳይነጥቁ። ዳዶው ጠበቀ። እናቷ «በቃ፣ አባዬ» አለች። ቆሙ።

«አሁን አያፈስም» አሉ።

ሚሊ የጥፍር ቀለሙን ከፍታ ከዳዶው እስከ ብረቱ ቀይ መስመር አሰመረች። የተነከሰው ጠርዝ ላይ ቀለሙ ትንሽ ሸረፍ አለ። ከዚያ ወጥታ እጇን ዘረጋች፤ አያቷ የቧንቧ መፍቻውን ትንሽ አመነቱና ሰጧት። በምትኩ የጥፍር ቀለሙን ሰጠቻቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ መስመሩን የሚያሰምሩት እርስዎ ነዎት» አለች። «የጠበቀውን እኔ አሳይዎታለሁ።»

ነገ ይህን ያስታውሱት ወይም አያስታውሱት አታውቅም። አጎቷ ይመጣ ወይም አይመጣ፣ እሱንም አታውቅም። አያቷ ትንሿን ጠርሙስ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ። ክዳኑን ገጠሙ፤ አዞሩት፤ ደግመው አዞሩት። ጣታቸው እስኪነጣ አጠበቁትና ኪሳቸው ከተቱት።

ሚሊ አየች። ወደ ዕቃ ሳጥኑ ሄዳ ነገ ክዳኑን የምትከፍትበትን ፒንሳ መረጠችና ኪሷ ውስጥ አደረገች። ከዚያ ከመኪናው ሥር ተመልሳ ገባች፤ መስመር ያለውንም የሌለውንም ሳትለይ፣ ከመጀመሪያው ብሎን ጀምራ አንድ በአንድ በጣቷ ትሞክር ጀመር።